ሠላሳ ስምንተኛው መስመር

ፕሮግራሙ ሠላሳ ስምንተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ለዘጠነኛ ጊዜ ቀጥ አለ። የሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ሲስተም ከጠዋት ጀምሮ ቆሟል፤ የበሽተኛው ሰልፍ ከግቢው ወጥቷል ይባላል። ፕሮግራመሯ ሲስተሙ የሚፈልጋቸውን ፓኬጆች፣ ሌሎች ጽፈው ያዘጋጇቸውን የኮድ ጥቅሎች፣ ዝርዝር አንብቦ የእያንዳንዱን ስምና ቨርዥን የሚለይ ኮድ ጽፋለች። ኮዱስ ደህና ያነባል። ግን ስለ አንድ ፓኬጅ ይኼኛው መስመር "ከሁለተኛው ቨርዥን እንዳያልፍ" ሲል፣ ሌላው "ሦስተኛው ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ" ይላል፤ ሁለቱም ፍንክች አይሉም።

ዓይኗን አሸት አሸት አድርጋ የዝርዝሩን ፋይል ራሷ ከፈተችው። ከሠላሳ ስምንተኛው መስመር ጫፍ፣ ኮዷ እንዲዘለው ባዘዘችው ቦታ፣ ከእሷ በፊት ቦታው ላይ የነበረውና ሥራ ለቆ የሄደው ሰውዬ ማስታወሻ ትቷል። "ይኼን ቨርዥን እንዳትነኩት። ምክንያቱ ረጅም ነው። የግድ ከሆነ ደውሉልኝ፣ አስረዳለሁ።" ሥሩ ስልክ ቁጥር አለ።

እፎይ አለች። ሞባይሏን አንስታ ቁጥሩን መታች። ጠራ።

ጠረጴዛዋ ላይ ያለው የቢሮ ስልክም አብሮ ጮኸ። ጠረጴዛውን ከነስልኩ የወረሰችው ከዚያው ሰውዬ ነበር።

ሞባይሏን ከጆሮዋ ሳታወርድ ፈዝዛ አየችው። ፊት ለፊቷ የተቀመጠው ባልደረባዋ ቀና ሳይል፣ "አንቺ ልጅ፣ አንሺው እንጂ። ካርድ ክፍሎች ናቸው፤ መቼ ያልቃል ሊሉሽ ነው" አላት።

በሌላኛው እጇ አነሳችው።

"አቤት" አለች።

አንዲት ድክም ያላት ሴት በሞባይሉ በኩል "አቤት" አለቻት።