የለቡው ገንቦ

ለቡ ዳር ያሉት አሮጌ ቤቶች ላይ ቀይ ኤክስ ከተቀባ ወዲህ ተናኘ ቅዳሜ ቅዳሜ ቆፋሪ ሆናለች። መንገድ ሊወጣበት ነው። ጥንታዊ ነገር ከተገኘ ግን መንገዱ ይታጠፋል ብሎ አንድ የታሪክ አስተማሪ ነገራት። ለቤቷማ እንኳን መሬት ሰማይም ትቆፍራለች!

ጎረቤቶቿም በበጎ ፈቃድ ተሰለፉ። አስተማሪው እያሳያቸው በግንበኛ ማንኪያ ይጭራሉ፣ በብሩሽ ይጠርጋሉ። ማሞ ብቻ አፈር ሳይነካ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ይዞራል።

«ይሄ ሰውዬ አንድ ነገር ሳይዶልት አይቀርም» አለች ተናኘ።

«ተይው ባክሽ፣ ስንፍናው ነው» አላት ጎረቤቷ ኢስማኢል።

አንድ ቅዳሜ ገንቦው ወጣ። አንገቱ ተሰብሯል፤ ሆዱ ላይ ጌጥ ተቀርጾበታል። ሰፈሩ እልል አለ። ተናኘ አቅፋው አለቀሰች።

ሰኞ ዕለት የቅርስ ኃላፊ ነኝ ያለ ባለ ከረቫት መጣ። ገንቦውን በስልኩ ደጋግሞ አነሣው።

«መንገዱ ቀርቷል» አለ። «ቦታው ከእንግዲህ ቅርስ ነው፤ ይከለላል።»

ተናኘ ጉልበቱን ልትስም ወደቀች።

«ኧረ ይነሡ እናቴ! ነገ ጠዋት መጥተን ሁላችሁንም እናነሣችኋለን። ተዘጋጅታችሁ ጠብቁን።»

ተናኘ ሳትውል ሳታድር ሹሩባ ተሠራች። ኢስማኢል የሠርጉን ኮት አስተኮሰ።

አመሻሽ ላይ ማሞ ዕቃውን አይሱዙ ላይ ሲጭን ተያዘ። ይኸው፣ ያለችው ደረሰ! ከጉድጓዱ ምን ሰርቆ ይሆን? ተናኘ አልጋውን ከመኪናው አስወረደች፣ ፍራሹን አስቀደደች። ከጥጥ በቀር ምንም አልተገኘም።

«ሰውዬው ያለውን አልሰማችሁም እንዴ?» አለ ማሞ ግራ ገብቶት።

«ሰምተናል! ፊትህ ፎቶ ላይ እንዳይወጣ ነው የምትፈረጥጠው፣ አንተ ሌባ!»

ማሞ ሊመልስ አፉን ከፈተ። ኢስማኢል በጥፊ ዘጋለት። ምስኪኑ የተቀደደ ፍራሹን መልሶ ጭኖ፣ ደም እየተፋ ሄደ። አንድም ሰው አላዘነለት።

በማግስቱ ሰፈሩ በነጭ በነጭ ሆኖ ደጅ ላይ ተሰለፈ። ልጆች ከፊት ተቀመጡ። ተናኘ ገንቦዋን ታቅፋ መሃል ቆመች፤ ፈገግታዋንም ከወዲሁ አዘጋጀች።

ባለ ከረቫቱ ሰውዬ ከዶዘር ላይ ወረደና ሰልፉን በግርምት አየው።

«እንዴ! እናነሣችኋለን ብዬ አልነበር? ዕቃችሁን እስካሁን አላወጣችሁም?»