ፍራሽ ማንሣት

የከተማ ፕላን ባለሙያው አቶ ናሁሠናይ ደሴቲቱን የሚወዳት አንዳች ነገር ሳይነቃነቅባት ነው፤ ወይዘሮ የዝና ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ወለል ላይ ተቀምጠው ወገባቸው ተቆርጧል።

በቅርስ ፕላኑ ሕግ መሠረት በደሴቲቱ ያለ ቤት ሁሉ በተመዘገበበት ቀን እንደነበረ ይኖራል። ዕቃ ከቦታው ከተነሣ ግድግዳው በራሱ ቀይ ይሆናል፤ ቤቱም በሰባት ቀን ውስጥ ይወረሳል። የወይዘሮ የዝና ቤት የተመዘገበው ባለቤታቸው በተቀበሩ በሦስተኛው ቀን፣ ወንበሩ ሁሉ ወጥቶ የለቅሶ ፍራሽ እንደተነጠፈ ነበር።

ትናንት ልጃቸውን ትርሲትን ለጋብቻ ለመጠየቅ ሽማግሎች በጀልባ መጡ። ፍራሹን ሲያዩ ደነገጡ፤ "እግዜር ያጽናችሁ" ብለው አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡና የመጡበትን ጉዳይ ሳያነሡ ተመለሱ።

ዛሬ ናሁሠናይ ለዓመታዊው ምርመራ ሲመጣ ወይዘሮ የዝና ለመኑት።

"ልጄ፣ ይኼን ፍራሽ ላንሣው።"

"እትዬ፣ ፍራሹ እኮ የቤቱ ታሪክ ነው።"

"ታሪኩስ እሺ፤ ሙሽራዬ በየት በኩል ትውጣ?"

"በበሩ ነዋ። በሩ ፕላኑ ላይ ክፍት ነው" አላቸው፤ የቀለደ አይመስልም።

ትርሲት ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ግን ፊቷን አዞረች።

እሱ ከሄደ በኋላ ወይዘሮ የዝና ልጆቻቸውን ሁሉ ሰበሰቡ።

"ስሙኝ" አሉ በደከመ ድምፅ። "ለአባታችሁ እስኪበቃኝ አልቅሻለሁ። ቤቱን ይውረሱት። ነገ ወደ ማዶ ተሻግረን እህቴ ቤት ወንበር እንደረድርና ሽማግሎቹን እናስጠራለን። አሁን ተነሡ፣ ፍራሹን አንሡልኝ።"