የበሬ ዋጋ ያወጣ ኮት

ደመላሽ ጥቁር ከረጢት የለበሰውን ሙሉ ልብስ ከአዲስ አበባው አውቶቡስ ይዞ ወረደና ሉማሜ፣ አባቱ ቤት፣ ግድግዳው ላይ ሰቀለው። ቅዳሜ ነበር።

«ይኸ ለነገው ነው?» አሉ አባቱ አቶ ውበቱ።

«አዎ፣ ለነገው። የልጅቱ ቤተሰቦች ልብስ የሚያዩ ሰዎች ናቸው። የሙሽራ አባት ተራ ነገር ለብሶ አይቀርብም።»

«ስንት ወጣበት?»

ደመላሽ ዋጋውን ነገራቸው። አቶ ውበቱ የያዙትን ብርጭቆ ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡት።

«በሬ እኮ ነው! በሬ ሰቅለህብኝ ልትሄድ ነው?»

«ዲዛይነር የሰፋው ነው፣ አባዬ። የሰውየው ስም ብቻውን ስንት ያወጣል!»

«ስሙ ያርሳል?»

ደመላሽ ሳቀ፤ ግን አልተቀመጠም። የሚያድረው ደብረ ማርቆስ፣ የልጅቱ ወንድም ምስጋናው ቤት ነው። ልብሱን ከነገ በፊት እንዲያዩት አልፈለገም።

«ማንም እንዳይነካው። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ እመጣለሁ። እርስዎ ወደ ውጭ አይውጡ፤ እኔው እገባለሁ» ብሎ ሄደ።

አቶ ውበቱ ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ከዚህ ልጅ ሌላ ሰው የላቸውም። ዩኒቨርሲቲ ሲመረቅ «መንገዱ ያደክምዎታል» ስላላቸው ቀሩ፤ ፎቶውን ላከላቸው። አሁን ሽማግሌዎቹ ነገሩን ጨርሰዋል። የልጅቱ ወላጆች «የልጁን አባት እንየው» ብለው ለእሑድ ምሳ ጠርተዋል። አቶ ውበቱ በዚያ ማዕድ ልጃቸው አጠገብ ለመቀመጥ ቀን ሲቆጥሩ ሰንብተዋል። የሚመርቁበትንም ቃል ጓሯቸውን ሲኮተኩቱ ደጋግመው ለጎመኑ አሰምተውታል።

ልጁ ከሄደ በኋላ ጥቂት ታገሡ። ከዚያ እጃቸውን በሳሙና ሁለቴ ታጠቡና ከረጢቱን ከፈቱ።

እጅጌው ጣታቸውን ሁሉ ዋጠው። ትከሻው ሁለት ሰው ይይዛል። ሱሪው ተረከዛቸው ስር ተጎተተ።

«ልጄን አታለሉት!» አሉ ብቻቸውን። መደቡ ላይ ተቀመጡ። ያን ያህል ብር ተቀብለው፣ የገጠር ልጅ ነው፣ አያውቅም ብለው፣ የተረፋቸውን አስታቀፉት። ነገ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሊዋረድ ነው።

ልብሱን አጥፈው በጋቢያቸው ሸፈኑና ገበያው ዳር ወዳለው ወዳጃቸው፣ ልብስ ሰፊው ሙሐመድሳኒ ዘንድ ወረዱ።

«ውበቱ! ማንን ዘርፈህ ነው?» አለ ሙሐመድሳኒ ኮቱን ሲያይ።

«እኛን ነው የዘረፉን። እስቲ እየው፤ ዋጋውን ያወጣል?»

ሙሐመድሳኒ መነጽሩን አድርጎ ገበሩን ገለበጠ፣ ቁልፎቹን ነካካ፣ ስፌቱን በጥፍሩ ተከተለ።

«አርባ ዓመት ሰፍቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ስፌት ከእጄ አልወጣም። ያወጣል፣ ወንድምዓለም። እስቲ ልበሰው።»

ለበሱት። ሙሐመድሳኒ ሳቁን ለመያዝ ታገለና አልቻለም።

«ወላሂ፣ ልብሱ ደብረ ማርቆስ ሲገባ አንተ ገና ሉማሜ ነህ!»

«አትሳቅብኝ! ሱቅ የተሰቀለ ትርፍ ልብስ ነው የሰጡት አይደል?»

«አይደለም። ይኼ ሰው ቆሞ የተለካበት ነው። ይኸውልህ፣ ለሆዱ እንኳ አስበውለታል። ያንተ ሆድ የታለ?»

«እንግዲያው የሌላ ሰው ልብስ ነው ያስታቀፉት። የእሱን ለሌላ ሰጥተው!» የአቶ ውበቱ የአንገታቸው ደም ሥር ተገተረ። «በልኬ አድርግልኝ።»

ሙሐመድሳኒ መቀሱን አነሣና መልሶ አስቀመጠ። «ትከሻው መቆረጥ አለበት። ከተቆረጠ አይመለስም። መጀመሪያ ለልጁ ደውልለት።»

«አልደውልም። መታለሉን ከሰማ ልቡ ይሰበራል። ነገ የደስታው ቀን ነው። ልክ ሆኖ ካየው የሚያውቅ የለም፤ እኔና አንተ እንይዘዋለን።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ቁረጥ አልኩህ።»

መቀሱ ትከሻው ላይ ሲያልፍ አቶ ውበቱ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ።

እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ ተመልሰው ለበሱት። ሙሐመድሳኒ አላሳፈራቸውም። ጎረቤታቸው የብርጓል ከአጥሯ ወዲያ አይታ እልል አለችና፣ «አቶ ውበቱ፣ የሚዳረው እርስዎ ነዎት እንዴ?» አለቻቸው። በሬ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ ብለው የተቆጡበት አፍ አሁን ዝም አለ። ትከሻቸው ቀና ብሏል። ለካ ልብስ እንዲህ ያደርጋል ብለው አሰቡ።

ሦስት ሰዓት ሲሆን የመኪና ድምፅ ሰሙ። አይውጡ መባላቸውን ደስታው አስረሳቸውና በሩ ድረስ ወጡ።

ነጭ መኪና ቆሟል። መሪውን የያዘው ምስጋናው ነው፤ በፎቶ ያውቁታል። ከጎኑ ሽበታም፣ ግዙፍ ሰውዬ በሸሚዝና በከረባት ተቀምጠዋል። ደመላሽ ከኋላ ወርዶ እየተቻኮለ ሲመጣ አባቱን አየና ባለበት ቀረ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«አየህ?» አሉ አቶ ውበቱ እጃቸውን ዘርግተው። «ልክክ አለ!»

ደመላሽ እጅጌውን አየ፤ ትከሻውን አየ።

ምስጋናው በመስኮቱ ብቅ አለ። «ደሜ፣ ኮቱን ከመጋዘናችሁ ለማምጣት ምነው ቆየህ? አባትህ እየጠበቁ ነው። እኒህስ ማን ናቸው?»

ደመላሽ ጀርባውን ለአቶ ውበቱ ሰጠና፣ ወደ መኪናው ተመልሶ፣ ለግዙፉ ሰውዬ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ።

«አባዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አላቸው፤ «ኮትዎን የመጋዘናችን ዘበኛ ለብሶታል።»