አምስተኛው ሳህን

አምስተኛው ሳህን የማን ነው? የአእምሮ ሕሙማንን የሚያስታምሙ ቤተሰቦችን ቤት ለቤት እየፈለገች ልታጠና ከውጭ የተመለሰችው ተመራማሪ መጠይቁ ላይ «አራት ነዋሪ» ብላ ጽፋለች። ለቤተሰቡ የወጣው ምሳ ግን አምስት ሳህን ነው።

ብትጠይቃቸው የቤቱ እመቤት እትዬ በለጥሻቸው ሳቁ። «ፈረንጅ አገር ያስተማሩሽ ሳህን መቁጠር ነው እንዴ? የውሻው ነው።»

ከጓሮ ማንኪያ ቆርቆሮ ሲመታ ተሰማ። ሳቃቸው ጠፋ። «ትልቋ ልጄ ናት። ሰው እንዳያያት ብዬ ነው።»

ተመራማሪዋ ቁጥሩን ልታርም ያነሳችው እስክሪብቶ እጇ ላይ ቀረ። ልጅ ሳለች እናቷም በየቀኑ አንድ ሳህን ከድና ወደ ጓሮ ትሄድ ነበር። «ለውሻው ነው። እንዳትከተዪኝ፣ ይናከሳል።» ሲጮህ ግን አንድም ቀን አልሰማችም።

ስልኳን አውጥታ ጻፈች፦ «እማዬ፣ እኛ ውሻ ነበረን እንዴ?»

መልእክቱ ተነቧል። መልሱን እስከ ዛሬ ትጠብቃለች።