ምዕራፍ ሦስት

የዶክትሬት ጽሑፏን ምዕራፍ ሦስት ለአማካሪዋ ከሰጠች ሁለት ዓመት አለፋት። በጠየቀቻቸው ቁጥር መልሳቸው «እያየሁት ነው፣ ልጄ» ነው።

ዛሬ ፕሮፌሰሩ «ምርጥ አማካሪ» ተብለው ይሸለማሉ። ተማሪዎቹን ወክላ እንድታመሰግን የተመረጠችው ደግሞ እሷው ሆና አረፈችው። እምቢ እንዳትል፣ መመረቋ በእሳቸው ፊርማ ነው።

አዳራሹ በር ላይ ጠበቋት። «ንግግሩን ከምትደክሚበት ብዬ እኔው ጽፌልሻለሁ» አሉና በእጃቸው የጻፉበትን ወረቀት አስጨበጧት።

መድረኩ ላይ ወጥታ፣ «ለተማሪዎቻቸው እንቅልፍ የማያውቁ አባት» እያለች የመጀመሪያውን ገጽ ጨረሰች። ቀጣዩን ፍለጋ ወረቀቱን ገለበጠችው።

ጀርባው ላይ በኮምፒውተር የተጻፈ የራሷ ስም አለ። ከሥሩ «ምዕራፍ ሦስት» ይላል። አንድም የእስክሪብቶ ምልክት አላረፈበትም።

ፕሮፌሰሩ ከፊት ወንበር አንገታቸውን ሰገግ አደረጉ።

«ምነው ቆምሽ? ቀጥዪ እንጂ፣ ልጄ!»