ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት

ፎልክማር ጎረቤቱን ኤግበርትን አዲስ መኪና እንዲገዛ ማግባባት ከጀመረ ስድስት ወር ሆኖታል።

ለራሱ መኪና አምሮት አያውቅም። ነገር ግን የአዲሱ ሞዴል ጣሪያ በስንት ሰከንድ እንደሚከፈት፣ ወንበሩ አንገትን እንዴት እንደሚያሞቅ፣ ሞተሩ የስንት ፈረስ ጉልበት እንዳለው ከሻጮቹ በላይ አጥንቶታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአጥሩ ወዲህ ቆሞ ያነበንበዋል። ኤግበርት ደግሞ ከአጥሩ ወዲያ ሆኖ ባለሁለት ወንበሯን፣ ጣሪያዋ የሚከፈተዋን አሮጌ ስፖርት መኪናውን በለስላሳ ቆዳ ይወለውላል።

«በአሥራ ሁለት ሰከንድ ነው ያሉኝ ዶክተር?» አለ ኤግበርት። «እኔኮ የሱሪዬን ቁልፍ ለመቆለፍ ራሱ ከዚያ በላይ ይፈጅብኛል።»

«ለዚህ ነው እኮ የሚያስፈልግዎ።»

«አሮጌዋንስ ማን ይወስዳታል? ለማያውቃት ሰው ከምሰጣት ባቃጥላት ይሻለኛል።»

«እኔ እወስዳታለሁ» አለ ፎልክማር። አጥሩን ጨበጠ።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ በየካቲት፣ ጭጋግ ምድሩን በሸፈነበት ጠዋት፣ በብስክሌት ወደ ባቡር ጣቢያ ሲወርድ አንድ መኪና ከመታጠፊያው ብቅ ብሎ ገጨው። የሚያስታውሰው ለመሬት የቀረቡ ሁለት ክብ መብራቶችንና የአንዱ መስታወት ሲሰበር የተሰማውን ድምፅ ብቻ ነው። ግራ እግሩ ከዚያ ወዲህ እንደ ልብ አይታጠፍም። በዚያ ሚያዝያ ሊይዘው የነበረውን የዩኒቨርሲቲ መምህርነትም፣ እሱ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ለሌላ ሰው ሰጡት።

በሰፈሩ ክብ መብራት ያላት ዝቅተኛ መኪና የኤግበርት ብቻ ነበረች። ባትሪዋ እንዳይሞትበት በብርዱ ወራትም ማልዶ በስውር እንደሚያወጣት የማያውቅ የለም። ፎልክማር ይህን ሁሉ ጽፎ ለዐቃቤ ሕግ አመለከተ። መልሱን እስከ ዛሬ በቃሉ ይወጣዋል። የመኪናዋ ታርጋ ጫፍ ላይ 04 እና 10 ተጽፏል፤ በአገሩ የወር አቆጣጠር ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ብቻ እንድትነዳ የተፈቀደላት ናት ማለት ነው። «በመሆኑም ተሽከርካሪዋ በየካቲት ወር በመንገድ ላይ ልትገኝ አትችልም» ይላል ደብዳቤው። መኪናዋን አንድም ሰው ወርዶ ሳያያት መዝገቡ ተዘጋ።

የተከለከለ ነገር ሁሉ እንዳልተደረገ የሚቆጠርበት አገር!

ከዚያ ጠዋት ያተረፈው ነገር ቢኖር ጉድሩንን ነው። ለማስተማር ስትሄድ መንገድ ዳር ወድቆ ያገኘችው፣ ካፖርቷን አልብሳ አምቡላንስ የጠራችለት እሷ ናት። አራት ወር ሙሉ አንድም ቀን ሳታጓድል ሆስፒታል ተመላለሰች። በዓመቱ ተጋቡ። ሰው «የባልሽን ነፍስ ያተረፍሽ!» ብሎ ሲያመሰግናት ተነሥታ ወደ ማድ ቤት ትገባለች። የራሷን ትንሽ መኪና ገና እሱ ሆስፒታል ሳለ ሸጣለች፤ መንዳት ሰለቸኝ ብላ ትምህርት ቤት የምትሄደው በአውቶቡስ ነው።

«ያቺን መኪና ምን ልታደርጋት ነው?» አለችው እራት ላይ።

«የቀለሟን ውፍረት አስለካለሁ። የተጠገነ ቦታ ካላት መሣሪያው ያወጣዋል። ከዚያ የልኬቱን ወረቀት ኤግበርት ፊት አስቀምጥለታለሁ።»

«ፎልክማር፣ በቃህ እንጂ! አሥራ አንድ ዓመት! እኔ አልበቃሁህም?»

«አንቺማ ሕይወቴ ነሽ። ያልተጠየቀው እሱ ነው።»

ሹካዋን አስቀመጠች። «የት ነው የምታስለካት?»

«እዚህ ያሉት መካኒኮች ሁሉ የሱ ጓደኞች ናቸው። አንቺ ያደግሽበት መንደር ጋራዥ የለም እንዴ?»

«ተዘግቷል» አለች። «ድሮ ነው የተዘጋው።»

ሚያዝያ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ኤግበርት ቆረጠ። አዲሱን ሞዴል ዳገቱ ላይ ነድቶት፣ ጣሪያውን ከፍቶ፣ ነፋሱ ቆቡን ወስዶበት ነው የተመለሰው።

«ሚስቴ በሕይወት ብትኖር ዕብድ ትለኝ ነበር» አለ እየሳቀ። የአሮጌዋን ቁልፍ ሲያስረክብ ግን ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ቀስ ብለው ይያዟት ዶክተር። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ታኮርፋለች።»

ፎልክማር እንባውን አየ። ጸጸት ነው አለ በልቡ።

በማግስቱ እንደ ልብ የማይታጠፍ እግሩን እየጎተተ ገባባትና ወደ ሚስቱ መንደር ነዳ፤ ምናልባት አጠገቡ ሌላ ጋራዥ ይኖር ይሆናል ብሎ ነበር። ያ ጋራዥ ግን አልተዘጋም። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ባለቤቱ ሎታር ጎማ ላይ ተቀምጦ ቋሊማ በዳቦ ይበላል።

ፎልክማር ማን እንደሆነ ሲነግረው ሰውዬው ፊቱ በራ። «የኛ የጉድሩን ባል! ምነው ይህን ያህል ጊዜ ጠፋችሁ?»

እጁን ጠርጎ የቀለም መለኪያውን አመጣ። ኮፈኑን፣ መከላከያውን፣ የመብራቶቹን ዙሪያ አንድ በአንድ ለካ።

«ንክች አልተደረገችም። ከፋብሪካ እንደወጣች ናት።»

«እባክዎ ይድገሙት።»

ሦስት ጊዜ ለካ። ቁጥሩ ያው ነው።

«ምንድን ነው የሚፈልጉት ዶክተር?»

«ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ በየካቲት የተሰበረ የፊት መብራት» አለ ፎልክማር። «አንድ ሰው የሆነ ቦታ አስጠግኖታል።»

ሎታር በቅባት ጣቱ ጭንቅላቱን አከከ።

«በዚያ የካቲት? ጋራዡን ገና መክፈቴ፣ ደንበኛም ያልነበረኝ ጊዜ ነው፤ የመጣችልኝ ጉድሩን ብቻ ነበረች፤ ሚዳቋ ገጨሁ ብላ እንዴት እንዳለቀሰች ቢያዩ!»