ከጥጡ ሸክም በታች ያለው ሰውዬ

«በቃኝ! ይሄ ሰውዬ ሰው አይደለም!» ብዬ የዶርዜ ዳገት አናት ላይ በጀርባዬ ተዘረርኩ...

ሰውዬው ደግሞ የጥጥ ሸክማቸው ላይ ቁጭ ብለው ይስቃሉ!

ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሸማኔ ናቸው። ጋሽ ኦይታ ይባላሉ።

«ዛሬም ዘገየሽ ወርቂቱ... እኔማ እንቅልፍ ሊወስደኝ ነበር» አሉኝ።

ቆይ ቆይ፣ ከሥሩ ልንገራችሁ።

ዘመኑ ደርግ ነው፣ 1978 ዓ.ም.። እኔ አክስታችሁ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። እንዳሁኑ ወገቤን ይዤ ደረጃ የምወጣ እንዳይመስላችሁ!

ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል ትቼዋለሁ... እግር ግን ነበረኝ!

የክፍለ ሀገሩ ሩጫ ሊደርስ ስድስት ሐሙስ ቀርቶታል። አንደኛ የወጣች ሴት አዲስ አበባ ሄዳ ትወዳደራለች። አንዲት ብቻ!

አባቴ ቁርጡን ነግሮኛል፦

«ካላሸነፍሽ ሩጫ የሚባል ነገር አበቃ። ጫኖ ያለው ማሳችን ገብተሽ ሙዙን ከዝንጀሮ ትጠብቂያለሽ።»

ዕድሜ ልኬን ከዝንጀሮ ጋር ስሰዳደብ ታየኝ...

ሐሙስ የዶርዜ ገበያ ነው። እኔም ሐሙስ ሐሙስ ከታች ከዋናው መንገድ መገንጠያ ተነስቼ ዳገቱን እሮጣለሁ።

ሁልጊዜ ከፊቴ አንድ ጥጥ የተሸከመ ሰው አለ።

ሸክሙ ጭንቅላቱን ውጦታል። የሚታየኝ ከሥሩ ያለው ዱንጉዛ ብቻ... ያ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር መስመር ያለው የዶርዜዎች ሱሪ።

ልደርስበት ስል በአቋራጭ እልም!

ቀና ስል ላይኛው መታጠፊያ ላይ ነው። እንደ አዲስ ጉልበት አውጥቶ!

አናቱ ላይ ስደርስ ጋሽ ኦይታ ቁጭ ብለው ይስቃሉ።

አሠልጣኜ ጋሼ ብርሃነመስቀል የጎንደር ሰው ነው። በገበያ መኪና ቀድሞ ወጥቶ ከላይ ሰዓት ይይዛል።

መጀመሪያ ተቆጣኝ። «ሸክም የያዘ ሽማግሌ ይቅደምሽ?»

በሳምንቱ ግን ቅጽ ይዞ መጣ! ሽማግሌውን ለቡድኑ ሊመዘግብ!

ጋሽ ኦይታ በሳቅ ፈረሱ። «የልጅ ልጅ አይቼ በቁምጣ ልሩጥ እንዴ?»

እነሱ ይስቃሉ፣ እኔ አለቅሳለሁ...

በሦስተኛው ሐሙስ እልህ ያዘኝ። ዳገቱን በሙሉ ካየሁት ጉልበቴ ይከዳኛል። ስለዚህ እግሬን ዋሸሁት፦

«እስከዚያች መታጠፊያ ብቻ...»

ስደርስ ደግሞ፣ «እስከዚያችኛዋ ብቻ...»

በአምስተኛው ሐሙስ ትንፋሹን ሰማሁት!

በስድስተኛው፣ አናቱ ላይ ሳንደርስ... አለፍኩት!

ከጥጡ ሥር የጋሽ ኦይታ ድምፅ ጮኸ፦ «ሂጂ! ዞረሽ እንዳታዪ!»

አላየሁም።

የውድድሩ ቀን አርባ ምንጭ ላይ ሁለተኛዋ ስትገባ እኔ ውሃዬን ጠጥቼ ጨርሻለሁ!

አባቴ ሲያቅፈኝ «በል፣ ዝንጀሮውን አንተው ጠብቅ!» አልኩት።

ከሰው መሐል ጋሽ ኦይታ ብቅ አሉ። ከኋላቸው ሌላ ሰው... ከሱም ኋላ ሌላ።

ሦስት ሰው! አንድ ዓይነት ዱንጉዛ! አንድ ዓይነት ትከሻ!

ዓይኔን አሸሁ።

«ወንድሞቼ ናቸው፣ ዳልጮና ገነነ» አሉ ጋሽ ኦይታ። «በእኛ ቤት ሸክም አንድ ሰው ላይ አይጣልም። ዳልጮ ከታች ይነሳል፣ ገነነ መሐል አቋራጩ ላይ ይቀበለዋል። እኔ የመጨረሻዋን ብቻ ነኝ።»

ጋሼ ብርሃነመስቀል ያንን ቅጽ ቀስ አድርጎ አጣጥፎ ኪሱ ከተተው...

እኔ ግን ጮህኩ። «ታዲያ ስድስት ሐሙስ ሙሉ ለምን አልነገራችሁኝም?!»

«ስታለቅሺ ጊዜ ልነግርሽ ነበር» አሉ ጋሽ ኦይታ። « በሳምንቱ ግን ብሰሽ መጣሽ። ዝም አልኩ።»

ዳልጮ ጣልቃ ገባ። «እኛም እኮ በሴት ልጅ ላለመቀደም ስንሮጥ ሞተናል! ጥጡን የምትፈትለው ሚስቴ ግን ቶሎ ደረሰልኝ ብላ መረቀችሽ።»

ጋሽ ኦይታ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ።

«አንድ ሽማግሌ የቀደመሽ መስሎሽ ነበር አይደል? እየተቀባበልን የምንሮጥ ሦስት ወንዶች ነን። አንቺ ብቻሽን ነበርሽ...»

ያኔ ነው የምር ያለቀስኩት!

ልጆቼ፣ የቀደማችሁን ሰው አይታችሁ «እኔ ደካማ ነኝ» አትበሉ። ከሸክሙ ሥር ስንት ሰው እየተቀባበለ እንደሚሮጥ አታውቁም። እናንተ እስከሚቀጥለው መታጠፊያ ብቻ ሩጡ... ከዚያ ደግሞ እስከሚቀጥለው።

እስቲ እውነቱን ንገሩኝ... እናንተ በጋሽ ኦይታ ቦታ ብትሆኑ፣ ሳለቅስ አይታችሁ ትነግሩኝ ነበር ወይስ ዝም ትሉ ነበር?

ከታች ጻፉልኝ፣ አንድም ሳላስቀር አነባለሁ... መነጽሬን ካገኘሁት!